የሁዳዴ ወተት

ባለፈው ጥር ለዘመድ ልጅ ክርስትና አርብ ገበያ ከተማ ወርጄ ነበር። ዳሱ ሞልቷል፤ ሰው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይንጫጫል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት የአራት ዓመት ልጇን ታቅፋለች። ልጅቱ አናት ላይ ሳንቲም የምታህል፣ አመድ የነሰነሱባት የምትመስል ክብ ነገር አለች። እናትየዋ ለእትዬ ብርቄ አሳየቻቸው። እትዬ ብርቄ የአባቴ ታላቅ እኅት ናቸው። አሁን ዓይናቸው ደክሟል፣ አፋቸው ግን እንደ ድሮው ነው። ልጅቱን ሳብ አድርገው ዳበስ ዳበስ አደረጓትና፣

"ኤዲያ! ይቺማ ምን አላት! ነጭ ጋዝ አስነክተሽ በጨርቅ እሰሪያት" አሉ።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። "እትዬ ብርቄ!" ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የያዝኩት ጠላ የሰው ቀሚስ ላይ ተደፍቷል።

"ምነው ልጄ፣ ጊንጥ ነደፈሽ?" አሉኝ፣ ምንም ሳይመስላቸው።

ጊንጥ ቢነድፈኝ ይሻለኝ ነበር። ኧረ በእመብርሃን! ይኼን ሁሉ ዓመት፣ ይኼን ሁሉ ጉድ አይተው፣ ዛሬም ነጭ ጋዝ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። እትዬ ብርቄ ሞኝ አይደሉም፤ የያዙትን ግን ሲሞቱም አይለቁም። እኔ ዛሬ ጠጉሬን ወደ ግራ አጋድሜ የምሠራው ለማማር እንዳይመስላችሁ። ከሥሩ መዳፍ የምታህል ምንም የማይበቅልባት ቦታ ስላለች ነው። ለልጅቱ እናት ያቺን ቦታ ገልጬ አሳየኋትና ጤና ጣቢያ ሂጂ አልኳት። ከዚያ ወዲህ ግን ያ ዓመት ከራሴ አልወጣ ብሎኛል።

ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ከአርብ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ ያስኬዳል። በእኛ መንደር ልጅ ሁሉ ለጥምቀት ይላጫል። ወንዶቹ ቁንጮ ይቀርላቸዋል። እኛ ሴቶቹ ደግሞ መሐል አናታችን ይላጭና ዙሪያው ይተዋል፤ ጋሜ ማለት እሱ ነው። ያ ዓመት የመጨረሻዬ ነው ተብዬ ነበር። ከዚያ በኋላ አናቴ ይተዋል፣ ያድጋል፣ ለሚቀጥለው ጥምቀት እንደ ትልልቆቹ ሹሩባ እሠራለሁ። እናቴ ቃል ገብታልኛለች። ሌላ የምመኘው ነገር በዚህ ዓለም አልነበረኝም።

የመንደሩ ላጭ እትዬ ብርቄ ነበሩ። ማንም አልሾማቸውም፤ ራሳቸውን ሾሙ። ደጃቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ይቀመጣሉ፣ እኛ እንሰለፋለን። ምላጩ አንድ ነው። ለሃያ ልጅ አንድ ምላጭ! አንዱን ጨርሰው ሌላውን ሲይዙ ምላጩን ቀሚሳቸው ላይ ጠረግ ጠረግ ያደርጉታል፤ አለቀ። ውኃ አያስነኩትም። "ውኃ ምላጭ ያዶለዱማል" ይላሉ። ይኼን ከማን እንደሰሙት እግዜር ይወቀው።

ከእኔ በፊት የተቀመጠው የጎረቤታችን ልጅ ነበር። ራሱ እዚህም እዚያም ተመላልጧል፣ ቅርፊት አለው። ቆረቆር እንደሆነ ተሰላፊው ሁሉ ያውቃል። እናቴም ቆማ ታያለች። ግን ማን ይናገር! የሰው ልጅ መጸየፍ ነውር ነው። ነውሩን ፈርተን ሁላችንም ዝም አልን፤ ያቺ ምላጭም ከእሱ ራስ ወደ እኔ ራስ መጣች።

ጥምቀቱ አለፈ። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ አናቴን ይበላኝ ጀመር። እከኩኝ እከኩኝ ይለኛል። ከዚያ አበጠ። ሲነኩት እንደ በሰለ ሾላ ለስለስ ይላል። ብቅ ብቅ ያለው ጠጉር ሲስቡት ሳያመኝ ተነቅሎ ይመጣል። እኔ ጠጉሬ እየረዘመ ቦታ ስለጠበበው የሚወጣ መስሎኝ እናቴን እንኳ አልነገርኳትም። ሹሩባው እየቀረበ ነው ብዬ ደስ ብሎኛል።

እናቴ ያወቀችው በሽታው ነው። ማለቴ፣ ሲሸት። ሻሼን ስትፈታው መግል ነው። ዋይ ብላ እትዬ ብርቄን ጠራቻቸው።

"እባጭ ናት" አሉ እትዬ ብርቄ። "በስላለች። እኔ አለሁ፣ አትንጫጪ።"

በዚያችው ምላጭ በጡኝ። ያንን ሕመም ልናገረው አልችልም። እባጭ ቢሆን በአንድ ቀዳዳ ፈርጦ ባለቀ። ይኼ ግን እንደ ወንፊት ከየቦታው ያዥ ጀመር። እሳቸው ምን አሉ? "ክፉ እባጭ ናት፤ የሰው ዓይን አለባት።" ከዚያ ከኩራዙ ነጭ ጋዝ አንቆርቁረው አፈሰሱብኝ። ራሴ በእሳት የተያያዘ መስሎኝ እየጮህኩ ወደ ወንዙ ሮጥኩ፤ ሁለት ጎረምሶች ይዘው መለሱኝ። በማግሥቱም ቀቡኝ። በሦስተኛውም ቀን። አንገቴ ሥር ሽንብራ የሚያክሉ እጢዎች ወጡ፣ ትኩሳት ጣለኝ። ትምህርት ቤት ስሄድ መምህሩ መጨረሻው ወንበር ላይ ለብቻዬ አስቀመጠኝ። ዝንቡ ሻሼን ይከባል፤ ልጆቹ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። ስንዱ የሚለው ስሜ ጠፍቶ "ቆረቆራሟ" ሆንኩ።

እናቴ ዝምተኛ ሴት ነበረች። በባሏ ታላቅ እኅት ፊት ቀና ብላ የማትናገር። አንድ አርብ ግን ነጠላዋን ለበሰችና፣ "እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ጤና ጣቢያ ልወስዳት ነው" አለች። እትዬ ብርቄ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? አብረውን መጡ! ሐኪሙን ሊያስረዱት።

ነርስ ነበር፤ እኛ ግን ነጭ ጋዎን የለበሰውን ሁሉ ዶክተር ነበር የምንለው። ሻሼን ሲፈታ ፊቱ ተለዋወጠ።

"ይኼን ማን በጣው?"

"እኔ ነኝ" አሉ እትዬ ብርቄ ደረታቸውን ነፍተው።

ጥርሱን ነከሰ። ወደ እናቴ ዞሮ፣ "እባጭ አይደለም። ቆረቆር ነው፤ ገብቶ ከፍቶ ነው" አላት።

"ልጄ ጤነኛ ናት እኮ! ታማ አታውቅም!"

"ጤነኛውንም ይይዛል። እንዲያውም እንዲህ የሚያሳብጠው ሰውነቷ ጠንካራ ሆኖ ስለሚታገለው ነው። ፈንገስ ይባላል። በክረምት የምታዩት የጅብ ጥላ ዘመድ ነው።"

የጅብ ጥላ! የምርመራው አልጋ ላይ ክው ብዬ ቀረሁ። በክረምት እበት ላይ የሚበቅለው፣ እንደ ዣንጥላ የሚዘረጋው እንጉዳይ እኔ አናት ላይ ሊበቅል ነው። ጅቡስ? ጥላውን ፍለጋ መምጣቱ አይደል? ስንት ቀን በጠዋት እየተነሳሁ ግንዱ ወጥቶ እንደሆነ አናቴን ስዳብስ ከረምኩ። ማንንም አልጠየቅኩ። ለአዋቂዎች ግልጽ የሆነ ነገር ስለመሰለኝ ነው።

ዶክተሩ ትልልቅ ነጭ ኪኒኖች ሰጠን። "በቀን አንድ ጊዜ፣ ስምንት ሳምንት። አንድ ቀን እንዳይዘለል። ዋናው ነገር ደግሞ ከወተት ወይም ከቅቤ ጋር መዋጥ አለባት። ቅባት ከሌለው ሰውነቷ መድኃኒቱን አይቀበለውም። በውኃ ብቻ ብትውጠው አፈር እንደመዋጥ ነው።"

እናቴና እትዬ ብርቄ ተያዩ።

"ሰኞ ሁዳዴ ይገባል እኮ" አለች እናቴ።

"አውቃለሁ እናቴ፣ እኔም እጾማለሁ። ልጅቱ ግን ወተት ትጠጣ።"

"ጠጉሯስ? ይመለሳል?"

"በደንብ ከወሰደች ይመለሳል። ካልወሰደች ይኼ ሁሉ ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳ ላይ ጠጉር አይበቅልም።"

እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ይባላል? ሰው በአማርኛ ተናገረ። እኛ ቤት ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ጉባኤ ተቀመጠ! እትዬ ብርቄ፣ "በሁዳዴ ወተት? ያውም ሰባት ዓመት ያለፋት ልጅ? ራሷ ድኖ ነፍሷ ይሙት?" ይላሉ። እናቴ ታለቅሳለች። አባቴ፣ "እኔ ምን አውቃለሁ፣ እናንተ ታውቃላችሁ" ብሎ በሬዎቹን እየነዳ ይወጣል፤ ነገር ሲከር ሁልጊዜ የሚታረስ መሬት ያገኛል። ኪኒኑ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ እኔ አዣለሁ።

በመጨረሻ የነፍስ አባታችን መምሬ አስረስ መጡ። ቤተ ልሔም በሚባለው ደብር ድጓ የተማሩ፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። እናቴ እግራቸው ላይ ወድቃ ነገሩን ነገረቻቸው። እኛ ረጅም ነገር ስንጠብቅ፣

"ጾም የተሠራው ለጤነኛ ነው። ስጧት" አሉ። በቃ።

"አባቴ፣ እንዴት ተደርጎ!" አሉ እትዬ ብርቄ።

"አንቺ ብርቄ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ቀኖና ማውጣት የጀመርሽው? ምላጭሽ አይበቃሽም?" ብለው መስቀላቸውን አሳለሙንና ሄዱ።

ከማግሥቱ ጀምሮ እናቴ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን አንድ ጣሳ ወተትና አንድ ኪኒን ትሰጠኝ ጀመር። ለፋሲካ ቅቤ ልታጠራቅምበት ካሰበችው ላይ ነው የምትቀንሰው። በዚያው ሰሞን ሌላ ነገር አየሁ። ገና ሳይነጋ ከበሩ ኋላ ትሰግዳለች። ትወድቃለች ትነሳለች፣ ትወድቃለች ትነሳለች። በፊት እንዲያ ስታደርግ አይቼ አላውቅም። እናቴ ምን ሰርቃ ይሆን ብዬ ፈራሁ። የሰው ዶሮ ይሆን? እህል ይሆን? ቀን ቀን ፊቷን እያየሁ የሌባ ምልክት እፈልግ ነበር።

አሁን ደግሞ የራሴን ጅልነት ልናገር። እዚህ ላይ እትዬ ብርቄን የምወቅስበት አፍ የለኝም።

በሁዳዴ እኛ ልጆች ምላስ እንተያይ ነበር። "እስቲ ምላስሽን አውጪ!" ይባላል። ምላሱ የደረቀና የነጣ ጾሟል፤ የቀላ በልቷል። ወተትም ምላስ እንደሚያነጣ ማናችንም አላሰብንም። የቀላበት ሰው እስከ ፋሲካ ስሙ "ጾም ገዳፊ" ነው፣ ማንም አብሮት አይጫወትም። እኔ አስቀድሞ ቆረቆራም ነኝ። ያን ዓመት የጾምኩት ለጽድቅ አይደለም። ወተቱ ገና ሳይፈቀድልኝ አንድ ቀን ምንጭ ስንወርድ አንዷ፣ "ቆረቆራሟ እንኳ ትጾማለች!" ብላ ምላሴን ለሁሉም አሳየች። ሁሉም አዩ። ወደ እኔ ቀረብ አሉ። ከጥምቀት ወዲህ ሰው ሲቀርበኝ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያንን ወተት እንዴት ልጠጣው? ጣሳውን ይዤ ከጓሮ እዞራለሁ። ኪኒኑን በውኃ እውጣለሁ፣ ወተቱን ለውሻችን ለቡቼ እገለብጥለታለሁ። ኪኒኑን ከዋጥኩ ወተቱ ምን ያደርጋል አልኩ። ዶክተሩ አፈር ያለውን ሰምቻለሁ። ግን የመንደሩ ልጆች ምንጭ ዳር ይጠብቁኛል፣ ዶክተሩ ያለው አርብ ገበያ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ቡቼ ወፈረ። በሁዳዴ የሚወፍር ውሻ ታይቶ አይታወቅም። እትዬ ብርቄ፣ "ይኼ ውሻ የሰው ዶሮ እየጨረሰ ነው፣ ዋ!" ይላሉ። ራሴ ደግሞ በአንድ በኩል እየደረቀ በሌላ በኩል ያዣል። እናቴ በየምሽቱ ኩራዙን አስጠግታ ታየዋለች፣ ሻሼን መልሳ ታስራለች።

ኪኒኑ ሊያልቅ ሲል፣ የሕማማት ማክሰኞ፣ እኔና እናቴ ብቻ አርብ ገበያ ሄድን። ዶክተሩ ራሴን አገላብጦ አየና ተከዘ።

"መድኃኒቱን በምን ነበር የምትውጠው?"

"በወተት!" አለች እናቴ።

"በየቀኑ?"

"በየቀኑ! በእጄ እየሰጠኋት! እመብርሃን ምስክሬ ናት፣ አንድም ቀን አላጓደልኩም!"

ያቺ ዝምተኛ ሴት ጮክ ብላ ማለች። እኔ መሬት መሬት አየሁ። 

"በወተት ከሆነ እንዲህ መሆን አልነበረበትም" አለ እሱ ግራ ገብቶት። አናቴ ላይ በጣቱ አሳያት። "ይቺ ቦታ አልቃለች፤ ከእንግዲህ አይበቅልባትም። ይኼኛው በኩል ግን ገና ይተርፋል። ተጨማሪ የአንድ ወር ኪኒን እሰጣችኋለሁ። በወተት፣ እሺ?"

እናቴ ኪኒኑን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወጣች።  ገበያውን አልፈን፣ ሜዳውን አልፈን፣ ገደሉ አፋፍ ስንደርስ ቀጥ አለች። ቋጠሮውን መፍታት ጀመረች።

"ምን ልታደርጊ ነው እማዬ?"

"ልጥለው ነዋ! ምን ያደርግልኛል? ኖራ ነው የሰጠን! ልጄን በሁዳዴ ወተት አስጠጥቶ፣ ነፍሷን አስይዞኝ፣ ጭራሽ አይበቅልም ይለኛል? እትዬ ብርቄ እውነታቸውን ነው!" እጇን ወደ ገደሉ አነሳች።

"አትጣይው! አልጠጣሁትም!"

ዞር አለች።

"ወተቱን አልጠጣሁትም። አንድ ቀንም አልጠጣሁትም።"

"ማን ጠጣው?"

"ቡቼ።"

እጇ አየር ላይ ቀረ። አየችኝ። 

"ውሻው?" አለች። "እኔ በየጣሳው አርባ አርባ ስሰግድልሽ፣ 'የልጄን ኃጢአት በእኔ ላይ አድርገው' እያልኩ ጉልበቴ እስኪላጥ ስወድቅ ስነሳ... ለውሻ ነው የሰገድኩት?"

መምሬ አስረስ ፈቅደውላት ሳለ ነው እንግዲህ! ፈቅደዋል፣ ባርከዋል፣ እሷ ግን አላመነችም፤ ለእያንዳንዱ ጣሳ በጉልበቷ ስትከፍልልኝ ከርማለች። እኔ ደግሞ ሌባ ናት ብዬ ፊቷን ሳይ ነበር። አለቀስኩ። እሷም ልትመታኝ እጇን አነሳች፤ በጥፊ እንዳትለኝ ራሴ ቁስል ነው። ጭኔን ይዛ ቆነጠጠችኝ። ትልቅ ቁንጥጫ ነበር፣ ይገባኛል። ከዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

"ለምን?" አለችኝ ከነጠላዋ ውስጥ።

"ጾም ገዳፊ እንዳይሉኝ። አሁን ያቀርቡኛል።"

ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች። ተነሳች፣ ኪኒኑን መልሳ ቋጠረች፣ ክንዴን ይዛ ከመንገዱ ዳር ወዳለችው የመጀመሪያዋ ቤት ጎተተችኝ። የማናውቃቸው ሰዎች ቤት ነው። አንዲት ሴትዮ ደጅ ላይ ባቄላ ትለቅማለች። ከቤተ ክርስቲያን ስግደት የሚመለሱ ሰዎች ነጭ በነጭ ለብሰው በደጇ ያልፋሉ። በሕማማት ሰው ተሳስሞ ሰላም አይባባልም፤ እናቴ ከሩቅ ቆማ፣

"እኅቴ፣ ወተት አለሽ?" አለች።

ሴትዮዋ የሰማችውን አላመነችም። "ወተት? ለማን?"

"ለልጄ። አንድ ጣሳ።"

"ውይ፣ በሕማማት?"

መንገደኞቹ ቆሙ። እናቴ ፊቷ ደም መሰለ። ሰው ሲያያት መሬት የምትቆፍር ሴት ናት እኮ፤ በባሏ እኅት ፊት እንኳ ቀና የማትል።

"አዎ፣ በሕማማት!" አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ። "ልጄ ታማለች። የነፍስ አባቷ ፈቅደዋል። ቢጠየቅ የምጠየቀው እኔ ነኝ።"

ሴትዮዋ አየቻት፣ እኔን አየችኝ፣ ሻሼን አየች። ባቄላውን አስቀምጣ ገባችና በጣሳ ይዛ ወጣች። እናቴ ኪኒኑን አፌ ውስጥ አደረገች። ፊት ለፊቴ ተንበርክካ ጣሳውን በሁለት እጇ ያዘችልኝ።

"ጠጪ።"

ሰዎቹ እያዩ ጠጣሁ። ሞቅ ያለ፣ ገና የታለበ ወተት ነበር። እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠበቀችኝ። ጣሳውን መልሳ፣ "እግዜር ይስጥልኝ" አለችና እጄን ያዘች። ከንፈሬ ላይ የቀረው ነጭ ወተት ተሰማኝ፤ ሰዎቹ እንዳያዩብኝ ልጠርገው እጄን ሳነሳ ወደ ታች አወረደችው።

"ተይው" አለችኝ። "ይታይ።"

እንደዚያው ሆኜ፣ ከስግደት በሚመለሰው ሰው መሐል ይዛኝ አለፈች።